ሁለተኛው ራውንድ ላይ ትንፋሼ ያልቃል፤ ሩጫ ልጨምር ወይስ ክብደት ልጀምር?

የማታው ሰልጣኝ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። ኪክቦክስ ከጀመርኩ 8 ወር ሆኖኛል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስልጠና አለኝ። ዓርብ ስፓሪንግ (ከሰው ጋር የልምምድ ፍልሚያ) ነው፦ 3 ደቂቃ የሚፈጅ 4 ራውንድ፣ በመሀሉ 1 ደቂቃ እረፍት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ 5 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ እሮጣለሁ። ሳንድ ባግ (ተንጠልጥሎ የሚመታው ከረጢት) ላይ 6 ራውንድ ያለ ችግር እጨርሳለሁ፤ ስፓሪንግ ሲሆን ግን ሁለተኛው ራውንድ አጋማሽ ላይ ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ክንዴ ይዝላል፣ ጋርዴ (ፊቴን የሚከልሉት እጆቼ) ይወርዳል። ቤት ውስጥ የመዝለያ ገመድ፣ የፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳቢያ) ብረትና 16 ኪሎ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ክብደት) አለኝ። ሩጫውን 10 ኪሎ ሜትር ላድርገው?

ጥላ ቦክስ
አታድርገው። ሳንድ ባግ ላይ 6 ራውንድ የሚቆይ ሰው፣ ሰው ፊት ሲቆም በ5 ደቂቃ ካለቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳንባው አይደለም፤ መወጠሩ ነው። ሳንድ ባግ መልሶ ስለማይመታ ትላላለህ። ስፓሪንግ ላይ ግን ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይገጥማል፣ ቡጢ ከደወሉ ጀምሮ ይጨበጣል። የተጨበጠ ጡንቻ ምንም ባትሰነዝርም ሥራ ላይ ነው፤ የክንድህ መዛል በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንፋሽ ማመቅ ነው። ምት በሰነዘርክ ቁጥር በጥርስህ መሀል «ጽ» ብለህ አጭር ትንፋሽ አውጣ። ምት ሲመጣብህም አውጣ። ለማስገባቱ አትጨነቅ፣ ካወጣኸው በራሱ ይገባል። አራት ምት አከታትለህ ድምፅህ ካልተሰማ አምቀኸዋል ማለት ነው።

ለ3 ሳምንት የዓርቡን የመጀመሪያ 2 ራውንድ በግማሽ ፍጥነት፣ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ) እና የፊት እግር ምት ብቻ ተጫወቱ። ሰዓቱ በየ30 ሴኮንዱ ይጩህ፤ በጮኸ ቁጥር ትከሻህን ጣል፣ መንጋጋህን ላላ አድርግ፣ ጓንቲው ውስጥ ጣቶችህን ፈታ። ቡጢው የሚጨበጠው ምቱ ዒላማው ላይ ሊያርፍ ሲል ብቻ ነው። የጥርስ መከላከያህን ደግሞ ሳንድ ባግ ላይም አድርገው። በሳምንት አንዴ ዓርብ ብቻ የሚያደርገው ሰው አፉ ስለሚታፈንበት በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

ሰዓት ቆጣሪ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሩጫው ግን እንዳለ ይቀጥል ማለት አይደለም። ሦስቱንም ቀን በአንድ ፍጥነት ነው የምትሮጠው። ለሶምሶማ ፈጠነ፣ ለስፓሪንግ ደግሞ ዘገየ።

ሐሙስ 40 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር በምትችልበት ፍጥነት። ይቺ ናት በእረፍቷ 1 ደቂቃ ትንፋሽህን የምትመልስልህ። ማክሰኞ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ ልክ እንደ ራውንዱ 3 ደቂቃ ሥራ፣ 1 ደቂቃ እረፍት። በ3 ደቂቃው ውስጥ 15 ሴኮንድ ጠንከር፣ 15 ሴኮንድ ቀለል እያልክ ትቀያይራለህ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት 3 ራውንድ፣ ቀጣዮቹ ሁለት 4፣ ከዚያ 5። ቁጥር ስትጨምር ፍጥነት አትጨምር። የመጨረሻው ራውንድ ከመጀመሪያው በጣም ከዘገየ ሲጀመር ተጣድፈሃል፤ ስፓሪንግ ላይም የምትሠራው ስህተት ያው ነው።

መለኪያ ከፈለግክ ራውንዱ እንዳለቀ የልብ ምትህን 15 ሴኮንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ፤ ከ1 ደቂቃ በኋላ ድገም። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ከሰፋ ሥራው ይዟል።

የማታው ሰልጣኝ
አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ባዶ ሆነ ማለት ነው? ክብደት ያዘገያል ሲሉም ሰምቻለሁ።

ከባድ እግር
የሚያዘገየው ጡንቻው እስኪዝል መሥራት ነው፤ በማግስቱ እግር አይነሳም። ስለዚህ ሁለት ድግግሞሽ ሲቀርህ አቁም። ቅዳሜ፣ እና ሰኞ ከስልጠና በኋላ (በፊት አይሁን፣ ቴክኒክ በደከመ እግር አይሠራም) እነዚህን ሥራ፦

ፑል አፕ 4 ዙር፣ በዙር ከ4 እስከ 6፣ በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት። አንድ እግር ወንበር ላይ ከኋላ ተሰቅሎ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ኬትልቤሉን ደረት ላይ ይዘህ፣ በእያንዳንዱ እግር 3 ዙር በ8። ፑሽ አፕ እግር ከፍ ብሎ፣ 3 ሴኮንድ ወስዶ እየወረዱ፣ 4 ዙር በ8። በመጨረሻ ኬትልቤል ስዊንግ (ብረቱን በእግር መሀል ወደ ኋላና ወደ ፊት ማወዛወዝ) 8 ዙር በ10፣ በመሀል 45 ሴኮንድ።

ስዊንጉ ላይ ላቆይህ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነው። ስኳት አይደለም። ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወገብ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ዳሌ በኃይል ወደ ፊት ሲመጣ ብረቱ በራሱ ደረት ድረስ ይነሳል። እጅ ገመድ ነው፣ አያነሳም። በማግስቱ ትከሻህን ከተሰማህ በእጅ አንስተሃል፤ ወገብህን ከተሰማህ ጎብጠሃል። መቀመጫህንና የጭንህን ጀርባ ከተሰማህ ትክክል ነህ። ይኸው የዳሌ ግፊት ነው ቀኝ ቡጢህንም፣ የኋላ እግር ምትህንም የሚያከብደው።

አንገትንም አትርሳ፦ ተንጋለህ ተኝተህ አገጭህን ወደ ደረትህ፣ 2 ዙር በ15፣ ያለ ክብደት።

ቀይ ጓንቲ
ዱምቤል (የእጅ ክብደት) ይዞ ሻዶው ቦክስ (ያለ ተጋጣሚ አየር ላይ መቦክስ)፣ እግር ላይ ክብደት አስሮ መርገጥስ? ለፍጥነት ጥሩ ነው ይባላል።

ከባድ እግር
ዱምቤል ወደ ታች ነው የሚጎትተው፤ ቡጢ ደግሞ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሚሠራው ክንዱን አየር ላይ የሚይዘው ትከሻ ነው እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። እግር ላይ አስሮ መርገጥን ጨርሶ አልመክርም፤ እግሩ ሲዘረጋ ክብደቱ የጉልበትን መገጣጠሚያ በኃይል ይጎትተዋል።

ጥላ ቦክስ
ለትከሻ ጽናት ከሆነ ግማሽ ኪሎ ይዞ፣ በዝግታ፣ 1 ራውንድ አይጎዳም ባይ ነኝ። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ግን።

ሰዓት ቆጣሪ
አንድ ማስጠንቀቂያ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር። ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ብሎ 2 ቀን ከቆየ የማክሰኞውን ሥራ ዝለልና በሶምሶማ ተካው። ስፓሪንግ ላይ ተመትተህ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ብዥታ ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ የጽናት አይደለም፤ የዚያን ቀን አቁም፣ ሐኪም ሳያይህ አትመለስ።

የማታው ሰልጣኝ
ገመዱንስ የት ላስገባው?

ጥላ ቦክስ
ለማሟሟቂያ፣ ሰኞና ረቡዕ ከስልጠናው በፊት 2 ራውንድ። ገመዱ ከጫማህ ሥር ለማለፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፣ ከፍ ብለህ አትዝለል። ክርን ጎን ላይ ይጠጋ፣ ገመዱን አንጓህ ያዙረው። የቅልጥምህ አጥንት ፊት ለፊቱ ማመም ከጀመረ ለአንድ ሳምንት ተወው፤ ሲሻልህ በ1 ራውንድ ጀምር።