ባለን ስልክና በአንድ ላፕቶፕ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች እንዴት እንርዳቸው?

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል መምህርት፣ ደሴ አካባቢ

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከምይዛቸው ክፍሎች በአንዱ ከስድሳ የማያንሱ ተማሪዎች ሲኖሩ፣ ከእነርሱ መካከል ሦስቱ የተለየ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ከተረዳሁ ቆይቻለሁ። አንዱ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ሰሌዳውን አጥርቶ አያነብም፤ መጽሐፉንም አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ አስጠግቶ ነው የሚያየው። አንዲት ተማሪ የመስማት ችግር አለባት፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ ስናገር ትከታተለኛለች፣ ወደ ሰሌዳው ስዞር ግን የምለው ሁሉ ያመልጣታል። ሦስተኛው ልጅ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነው፤ በቃል ሲጠየቅ ከጎበዞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ሁለት መስመር አንብብ ሲባል ላብ በላብ ይሆናል።

ትምህርት ቤታችን የመርጃ ማዕከል የለውም፤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህርም አልተመደበልንም። በእጃችን ያለው የእኔ ስማርት ስልክ፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚገኝ አንድ ላፕቶፕና ፎቶ ኮፒ ማሽን ብቻ ነው። የሚገዛ ዕቃ እንድትጠቁሙኝ ሳይሆን፣ ባለው ምን መሥራት እንደምችል እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ አዲስ አበባ

የተከበሩ እህቴ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ችግር ለይተው ስላቀረቡት መልስ ለመስጠት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ከስልኩ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች በጤና ባለሙያ ሊታዩ ይገባል። የልጁ ችግር በመነጽር የሚስተካከል ሊሆን ይችላል፤ የልጅቷም ጆሮ በኩክ ተደፍኖ ወይም በኢንፌክሽን ታሞ ከሆነ በሕክምና የሚሻሻል ነገር ነው። ወላጆች «ልጁ ደህና ነው፣ ስንፍና ነው» ብለው የሚከራከሩዎት ከሆነ ፒክ አኪዩቲ የተባለ በነፃ የሚገኝ የስልክ መተግበሪያ ያግዝዎታል። በስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደል ወደ ተለያየ አቅጣጫ እየዞረና እያነሰ ይታያል፤ ልጁ አቅጣጫውን በእጁ ያመለክታል፤ ማንበብ መቻል አይጠበቅበትም። በኬንያ ናኩሩ አካባቢ ተፈትሾ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ መሣሪያ ነው። የሐኪም ምርመራን ባይተካም፣ ቤተሰብን ወደ ሐኪም ለመላክ በቂ ማስረጃ ይሆናል።

መነጽር ካልበቃው፣ ሰሌዳውን ጽፈው ሲጨርሱ ፎቶ ያንሱትና ስልኩን ለልጁ ይስጡት፤ በሁለት ጣቱ እያሰፋ በራሱ ፍጥነት ይገለብጣል። በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» በሚለው ሥር ገጹን የሚያጎላና ቀለሙን የሚገለብጥ አማራጭ አለ፤ ነጭ ወረቀት ዓይናቸውን የሚወጋቸው ልጆች በጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ይቀላቸዋል፤ ሁሉም ግን እንዲያ ስላልሆኑ ልጁን አስሞክረው ይጠይቁት። ፎቶ ኮፒው ደግሞ ከሚገምቱት በላይ ይጠቅማል። ኤ4 ወረቀት ወደ ኤ3 ሲያድግ የፊደሉ መጠን 141 በመቶ ይሆናል፤ ስለዚህ በ14 መጠን የተተየበ ፈተና ወደ 20 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ትልቅ ኅትመት የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ18 ጀምሮ ነው። ሲተይቡም ቀጭን ሰረዝ ካለው «ኒያላ» ከተባለው የፊደል ቅርፅ (ፎንት) ይልቅ ውፍረቱ እኩል የሆነውን «ኢብሪማ» ይምረጡ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ከነአማርኛ ፊደሉ ይገኛል።

መልስ፦ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን እጅግ አነስተኛ የማየት አቅም ያለው ልጅ ፊደል እየጎላለትም ቢሆን ረጅም ምንባብ ሲያነብ ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ በዓይኑ ብቻ እንዲታገል ከመተው በጆሮ ማንበብንም ከአሁኑ ቢለምድ መልካም ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን ጓደኞቻችን ካሴት ላይ እያነበቡ ይቀዱልን ነበር፤ ዛሬ ይህን ሥራ ስልኩ በከፊል ይሠራዋል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ «ቶክባክ»፣ በአይፎን ላይ «ቮይስኦቨር» የተባሉት፣ በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ የስክሪን አንባቢዎች ከስልኩ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው። ለላፕቶፑ «ኤንቪዲኤ» የተባለውን በነፃ መጫን ይቻላል። «ኢስፒክ» የተባለው የንግግር ፕሮግራም አማርኛን ያለ ኢንተርኔት ያነባል፤ ድምፁ የብረት ድምፅ ይመስላል፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤጅ በተባለው ማሰሻ ላይ መቅደስና አምሃ የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ከኢስፒክ ጋር የማይወዳደር ጥራት አላቸው።

እንግዲህ ዋናው ችግር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መምህራን ብዙም ስለማያውቁት ትንሽ ላብራራው። መሣሪያው የሚያነበው ጽሑፍን እንጂ ሥዕልን አይደለም። አብዛኛው መምህር ማስታወሻውን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይለቅቃል፤ ለሚያዩት ተማሪዎች በቂ ነው፣ ለስክሪን አንባቢ ግን «ፎቶ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የሚነበብ ነገር የለውም። ያው ማስታወሻ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ቢተየብ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይነበባል። መተየብ ከከበደዎት በስልክዎ የጉግል ኪቦርድ ላይ የማይክሮፎኑን ምልክት ነክተው ይናገሩ፤ አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቻላል፤ የሚሳሳታቸውን ቃላት ማረም ከባዶ ከመተየብ ያነሰ ድካም ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የፊደሉ ዓይነት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲን ፊደላትን በአማርኛ መልክ የሚያሳዩ ነበሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀቶቻቸውን እስከ ዛሬ በእነዚያው አሮጌ ፎንቶች ይተይባሉ። በዓይን ሲታይ ጥሩ አማርኛ ነው፤ መሣሪያው ሲያነበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ቀድተው በቴሌግራም ላይ ይለጥፉት፤ አማርኛው እንዳለ ከመጣ ይነበባል፣ እንግዳ ምልክት ከሆነ አይነበብም፤ ጨርሶ መምረጥ ካልተቻለ ደግሞ ስካን የተደረገ ሥዕል ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍም በዚሁ መንገድ ይፈትሿቸው። መምህራኑ ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ለመተየብ ቢስማሙ ምንም ወጪ የለውም፤ ለሚቀጥሉት ተማሪዎችም ሁሉ የሚተርፍ ሥራ ነው።

መልስ፦ የአንደኛ ደረጃ የቋንቋ መምህርት፣ ባሕር ዳር

እኔ ስለ ሦስተኛው ልጅ ልናገር። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት መልክ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ወይም በአንድ እግር መርዘም ነው። የማንበብ ችግር ያለበት ልጅ ጉልበቱን ሁሉ እነዚህን በመለየት ስለሚጨርስ ከመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ የመጀመሪያው ቃል ጠፍቶበታል። በዚያ ላይ በጽሑፋችን መጥበቅና መላላት ስለማይታይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቢጠራቸውም የሚያውቀውን ቃል ላያገኘው ይችላል። በነገራችን ላይ የማሽን ድምፆችም በዚሁ ላይ ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ለዚህ ልጅ ከመሣሪያው ይልቅ የእርስዎ ድምፅ ይሻላል።

የሳምንቱን ምንባብ በስልክዎ መቅጃ ረጋ ብለው፣ በየአንቀጹ ቆም እያሉ ይቅዱት። ልጁ መጽሐፉን ዘርግቶ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ይስማ፤ በሁለተኛው ዙር ከድምፁ ጋር አብሮ ያንብብ፤ በሦስተኛው ያለ ድምፅ ይሞክር። ቤተሰቡ ስማርት ስልክ ባይኖረው እንኳ ሚሞሪ ካርድ የሚያጫውት ባለ ቁልፍ ስልክ ወይም ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ብዙ ቤት አለ፤ ካርዱን ልከው ካርዱን መቀበል ነው። ደግሞ የልጁን ጣት ሳያዩ ማዳመጡን ብቻ አይመኑ፤ በቃሉ ይዞት «አነበብኩ» የሚል ልጅ ብዙ ነው። ለፈተናዎ ደግሞ የትምህርት እውቀቱን ሊመዝኑ ከፈለጉ ጥያቄውን ያንብቡለት፣ መልሱንም በድምፅ ይቀበሉት፤ ንባቡን ሊመዝኑ ሲፈልጉ ብቻ ያስነብቡት።

መልስ፦ የምልክት ቋንቋ ባለሙያ፣ ሐዋሳ

ንግግርን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችን ሰዎች ሊመክሩዎት እንደሚችሉ ስለምገምት አስቀድሜ ጥንቃቄ ልጨምር። የጉግል «ላይቭ ትራንስክራይብ» ከልጅቷ ጋር ብቻዎን ተቀምጠው ስልኩን ወደ አፍዎ አቅርበው ሲነጋገሩ ይጠቅማል፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስድሳ ተማሪ በሚንጫጫበት ክፍል መካከል ግን የሚጽፈው ነገር ከማገዝ ይልቅ ያደናግራል። ከዚህም በላይ የተጻፈውን ለመከተል በፍጥነት ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ልጅ ደግሞ አማርኛውን ራሱን ገና እየተማረች ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የትምህርቱን አዳዲስ ቃላት አስቀድመው በመልእክት ይላኩላት ወይም ጽፈው ይስጧት፤ ቃሉን ታውቀው ከሆነ ከከንፈርዎ ማንበብ ይቀላታል። በሚናገሩበት ጊዜ ብርሃኑ ከኋላዎ ሳይሆን ፊትዎ ላይ ይሁን። አጭር ቪዲዮ ቢቀዱላትም እንዲሁ፤ ፊትዎ ሞልቶ ይታይ፣ ቃሉም ከሥሩ ይጻፍ። የምልክት ቋንቋ የምታውቅ ከሆነ ከእርስዎ መቀዳት ይልቅ ከእርሷ ቢማሩ እመርጣለሁ፦ ለየቃሉ የምትጠቀምበትን ምልክት እርሷው በስልክዎ እየቀዳች ብታስቀምጥ ለክፍሉ ሁሉ መማሪያ ይሆናል፤ እርሷም አስተማሪ ትሆናለች። ለዚህ ግን የወላጆቿን ፈቃድ ያግኙ፤ ቪዲዮው ከክፍሉ እንዳይወጣም ይጠንቀቁ።

ጠያቂዋ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በትምህርት ቤታችን ተማሪ ስልክ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ያስፈለገበትንም ምክንያት እረዳለሁ። ለአንዱ ልጅ ስልኬን ስሰጥ ሌሎቹ «ለእርሱ ለምን?» ይላሉ፤ ርእሰ መምህሩም እንዲሁ። መጽሐፍ በድምፅ መቅዳትስ ከባለመብቱ ጋር አያጣላንም?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር፣ ጎንደር

ልጄ፣ ለርእሰ መምህሩ በቃል ከማስረዳት በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ የግል የትምህርት ዕቅድ አዘጋጂ፤ ልጁ የሚቸገርበት ነገር፣ የሚደረግለት ድጋፍ፣ ስልኩ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ለምን እንደሚያገለግልና ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ይጻፍበት፤ ወላጅ፣ አንቺና ርእሰ መምህሩ ፈርሙበት። ክልከላው የተማሪ መዝናኛን የሚመለከት ነው፤ በዕቅድ የተያዘ ስልክ ግን እንደ መነጽር የትምህርት መርጃ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ይደነግጋል፤ ይህንኑ በደብዳቤሽ ላይ ጥቀሺ። ስለ መጽሐፉ ደግሞ አትስጊ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ለማዘጋጀት መንገድ የሚከፍት ነው፤ ዓይነ ስውራንን ብቻ ሳይሆን የማንበብ ችግር ያለባቸውንም ይጨምራል። ቅጂው ለልጁ ይሁን እንጂ በቴሌግራም ቻናል ለሕዝብ አይለቀቅ።

ለክፍሉ ልጆች ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የተቀዳውን ምንባብ ቅጂውን ሳታድዪ ክፍል ውስጥ ለፈለገ ሁሉ ክፈችላቸው፤ የሚፈልጉት ከምትገምቺው በላይ ናቸው፣ «ለእርሱ ለምን?» የሚለውም ያን ጊዜ ይበርዳል። ይልቁንስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም። ትልቅ ኅትመት፣ አንባቢ ወይም ተጨማሪ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ በምዝገባው ጊዜ ካልቀረበ በፈተናው ጠዋት የሚሰማሽ የለም። ስለዚህ የሐኪሙን ማስረጃና የግል ዕቅዶቹን ቅጂ አያይዘሽ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከአሁኑ አስገቢ፤ የገቢ ደብዳቤ ቁጥሩንም ያዢ።