ቫይታሚን ኬ2፦ ለእናቴ አጥንት ይጠቅማል? የአባቴስ ዋርፋሪን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ63 ዓመት እናቴ አጥንቷ መሳሳት መጀመሩ በምርመራ ስለታወቀ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዞላት እየወሰደች ነው። አሁን ደግሞ ጓደኛዋ የቫይታሚን ኬ2 እንክብል ሰጥታታለች። በብልቃጡ ላይ «ኤምኬ-7፣ 100 ማይክሮግራም» የሚል ተጽፏል (ኤምኬ-7 አንዱ የኬ2 ዓይነት ነው)፤ ከሥሩም ካልሲየምን ከደም ሥር አውጥቶ ወደ አጥንት እንደሚወስድ ይገልጻል። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? አባቴ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ስለሚወስድና የሁለቱም መድኃኒት በአንድ መሳቢያ ስለሚቀመጥ ይህም ያሳስበኛል።

መልስ 1፦ አባባሉ መነሻ አለው። በደም ሥር ግድግዳ የሚገኝ ማትሪክስ ግላ ፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን ካልሲየም እዚያ እንዳይጋገር ይከላከላል፤ ሥራውን የሚጀምረውም በቫይታሚን ኬ አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ እንዳይጋገር መከላከልና የተጋገረውን ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብልቃጡ ላይ የጻፈው ሰው ይህን ልዩነት ዘሎታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ የዴንማርክ ጥናት የልብ ቧንቧ መዝጊያቸው (ቫልቫቸው) ካልሲየም የቋጠረባቸው 365 ወንዶች ተሳትፈው ነበር፤ ከፊሎቹ በቀን 720 ማይክሮግራም ኤምኬ-7 ከቫይታሚን ዲ ጋር ለሁለት ዓመት ቢወስዱም፣ ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ይልቅ የካልሲየሙ ክምችት አልዘገየላቸውም። መጠኑ ከእናትዎ እንክብል ሰባት እጥፍ እንደሚሆን ልብ ይበሉ።

መልስ 2፦ በአጥንት በኩል ነገሩ ትንሽ ይሻላል። ካረጡ 244 ጤናማ ሴቶች መካከል 180 ማይክሮግራም ኤምኬ-7 ለሦስት ዓመት የወሰዱት የወገብ አከርካሪያቸውና የጭን አጥንታቸው አንገት መሳሳት ቀንሶላቸዋል፤ በአጠቃላይ የዳሌ አጥንት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ስብራት መቀነሱም ከዚህ ጥናት አይታወቅም። ጃፓን ውስጥ ኬ2 ለአጥንት መሳሳት በሐኪም ይታዘዛል ሲባል ይሰማሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ዓይነቱ ኤምኬ-4፣ መጠኑም በቀን 45 ሚሊግራም፣ ማለትም የእናትዎ እንክብል 450 እጥፍ ነው። ስለዚህ ሐኪማቸው ያዘዙትን ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ ይሻላል፤ እንክብሉን የሚጨምሩት ሐኪሙን ካማከሩ በኋላ ብቻ ይሁን።

መልስ 3፦ ፋርማሲስት ነኝ፤ እኔን ያስደነገጠኝ መሳቢያው ነው። ዋርፋሪን ደምን የሚያቀጥነው ቫይታሚን ኬ ዳግም ለሥራ እንዳይበቃ በማገድ ስለሆነ፣ እንክብሉ መድኃኒቱን በቀጥታ ይፃረራል። ኤምኬ-7 ደግሞ በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ በጥቂቱም ቢወሰድ አይኤንአርን (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየውን የምርመራ ቁጥር) ሊያወርድ፣ ደምም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። አይኤንአር ያለ ምክንያት ሲወርድብን መጀመሪያ የምንጠይቀው አዲስ ስለተጀመረ ቫይታሚን ነው፤ ብዙዎች «ቫይታሚን እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብለው ሳይነግሩን ይቀራሉ። አባትዎ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል መተው የለባቸውም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ብቻ ይጠንቀቁ። አፒክሳባን የመሳሰሉት አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ግን በቫይታሚን ኬ በኩል ስለማይሠሩ ይህ ችግር የለባቸውም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብልቃጡን አውጥቼ ብቆጥረው አራት እንክብል ጎድሏል፤ እናቴ የወሰደችው ሁለት ብቻ መሆኑን ትናገራለች። ነገ ጠዋት አባቴን ለአይኤንአር ምርመራ እወስደዋለሁ።