አምና ከተመረተ ቢኤች 661 ዘር አስቀርቶ መዝራት ያዋጣል?

የቡሬው ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ቡሬ አካባቢ ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) መሬት ላይ ቢኤች 661 በቆሎ ይዘራል። ዘንድሮ የምርጥ ዘሩ ዋጋ ስለከበደው አምና ካመረተው ትልልቁን ዛላ መርጦ፣ ፈልፍሎ ዘራ። አሁን ማሳው ወጣ ገባ ሆኗል። አንዱ አገዳ ከሰው በላይ ሲሆን ጎኑ ያለው ደረት ላይ ቀርቷል፤ አንዱ ወንዴ አበባውን ሲያወጣ ሌላው ገና ነው። ዝናቡም ማዳበሪያውም እንደ አምናው ነው። ከዚህ ደህና ደህናውን ለይተን ለከርሞ ብንዘራ ይስተካከላል?

አዳቃይ
ወንድሜ፣ አይስተካከልም። አባትህ ያደረጉት ለአገሬው በቆሎ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ቢኤች 661 ግን ዲቃላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ሲሆን ሦስት ወላጆች አሉት። ከሲሚት (ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል) የመጡ ሁለት መስመሮች ተዳቅለው እናት ይሆናሉ፤ አባቱ 142-1-ኢ የሚባለው መስመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለወጣው ቢኤች 660ም ወላጅ የሆነው እሱ ነው። እያንዳንዱ መስመር ለብዙ ትውልድ በራሱ ብናኝ ብቻ እየተዳቀለ የጠራ ነው። ለብቻው ብታየው አጭርና ቀጭን ተክል ነው። ሲዳቀሉ ግን ልጁ ከወላጆቹ ሁሉ በልጦ ይወጣል። አምና ያያችሁት ጉልበት ይሄ ነው።

አባትህ ዘንድሮ የዘሩት የዚያ ልጅ ልጆችን ነው። ወንድምና እህት እርስ በርስ ስለተዳቀሉ የወላጆች ባሕርይ ተበታትኖ ይወጣል፤ ቁመቱ የተለያየው ለዚህ ነው። በስሌት እንደ ቢኤች 661 ያለ የሦስት ወላጅ ዲቃላ በማዳቀል ካገኘው ብልጫ ሲሶ ያህሉን ያጣል። እንደ ቢኤች 540 ያለው የሁለት ወላጅ ዲቃላ ግማሹን ነው የሚያጣው።

የቡሬው ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ትልቅ ዛላ የያዘው ተክል ጥሩ ዘር የለውም ማለት ነው?

አዳቃይ
የዛላውን እናት ታያለህ እንጂ የብናኙን አባት አታይም። ብናኝ በነፋስ ስለሚሄድ አባቱ ደካማው ጎረቤት አገዳ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰው ማሳም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ከጥቂት ዛላ ብቻ ዘር ከወሰዳችሁ ዝምድናው እየጠበቀ በየዓመቱ ይከፋል።

የባኮ ጎረቤት
ዘር ማስቀረት የግድ ከሆነባችሁ ነጻ ተዳቃይ ዝርያ (በማሳው ውስጥ በነፋስ በራሱ እየተዳቀለ ባሕርይውን የሚጠብቅ፣ ዲቃላ ያልሆነ) ፈልጉ፤ ለምሳሌ ጊቤ-2። ዝናብ አጠር ለሆነ ቦታ ደግሞ መልካሳ-2 አለ። በጥንቃቄ ከያዛችሁት ሦስት ዓመት ያህል መልሶ ይዘራል። እኔ የምመርጠው በቆሎው ቆሞ ሳለ ነው። ከማሳው መሀል፣ ከጠርዝ ርቆ፣ ያልወደቀና በሽታ የሌለበትን ተክል በክር አስሬ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ሁለት መቶ ተክል ቢሆን ይመረጣል። ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ፤ ካልተቻለ የአበባው ጊዜ እንዳይገጥም ዘግይታችሁ ዝሩ።

እማማ ዘርፌ
ልጄ፣ እኔ ግን በቡሬ ዝናብ ዲቃላውን አትተዉ ባይ ነኝ። ለሁለት ቃዳ የሚበቃው 12.5 ኪሎ ነው፤ በአንድ ከረጢት የሚመጣውም ይኼው ነው። ዋጋው ከከበዳችሁ አንዱን ቃዳ በዲቃላ፣ ሌላውን በነጻ ተዳቃይ ዝሩ፤ ግን ብናኛቸው እንዳይገናኝ የባኮው ጎረቤት ምክር ይጠበቅ፤ ዘር የምታስቀሩት ከነጻ ተዳቃዩ ብቻ ነው። ስትገዙ ከረጢቱ ያልተከፈተና ስፌቱ ያልተነካ መሆኑን፣ መለያ ወረቀቱ ላይ የዝርያው ስምና የምርት ዘመኑ መጻፉን እዩ። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደበቀለ ታውቃላችሁ። ቀለም የተቀባው ዘር መድኃኒት አለበትና ቢተርፍ እንኳ ለቆሎ እንዳይውል፤ ልጆች እንዳያገኙት።

የቡሬው ልጅ
እማማ፣ ያሁኑን ማሳ ምን እናድርገው?

እማማ ዘርፌ
ለምግብነት ምንም ችግር የለበትም። አረሙን አርሙ፣ ተምች እንዳይገባበት የቅጠሉን እቅፍ ማታ ማታ እዩ። ሲደርስ ለቤት ብሉት፣ ሽጡትም፤ ለዘር ብቻ አታስቀሩት።