አዲስ የተቀባ ጀልባ ከደብረ ብርሃን ወደ ሐይቅ ሲጎተት ምን ዓይነት ሸራ ይልበስ?

ጥያቄ፦ የጠባሴ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ጀልባ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ «በሬሳ ወንዝ ላይ ልትቀዝፍ ነው?» ያሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ጀልባዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ሐይቅ ከተማ ይኖራል፤ እንግዶችን የሚያንሸራሽርባት አምስት ሜትር የማትሞላ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችው። ባለፈው ዓመት ቀለሟ ስለ ደበዘዘ ወደ እኔ አመጣት፤ ግቢዬ ውስጥ ፍቀን ጥቁር ሰማያዊ ቀባናት። በአራተኛው ቀን ከገበያ የገዛነውን የላስቲክ ሸራ አልብሰን፣ በናይለን ገመድ ጠፍረን፣ በፒክአፕ ጎትተን መለስናት። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ሐይቅ ደርሰን ሸራውን ስንገልጥ ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ገመዱ ባለፈበት ሁሉ ነጭ ሰንበር ወጥቷል። አፍንጫዋ ላይ መዳፍ በሚያህል ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ከሥር ያለው ግራጫ ቅብ ታይቷል። ከኋላ በኩል ደግሞ ቀለሙ ቃጠሎ እንደ ነካው ቆዳ ውኃ ቋጥሯል። ዘንድሮ እንደገና ልንቀባት አምጥተናታል፤ ኅዳር ላይ እንመልሳታለን። ቀለሙን የማይጎዳ ምን ዓይነት ሽፋን ልግዛ ወይስ ላሰፋ? ቀለሙ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚቀባው ዓይነት ነው።

መልስ፦ ባለ ተሳቢው

በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን ጭነት አመላልሻለሁ። ጀልባ ጭኜ ባላውቅም ሸራ መኪናዬን ምን እንዳደረገው አውቃለሁ። ሸራ የሚፍቀው ሲላላ ነው። ሲላላ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብ ከሥሩ ያለውን አቧራ እያነሳ ቀለሙ ላይ ይጥለዋል። ያኔ ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ፍጥነት ደግሞ ያባብሰዋል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የነበረው የነፋስ ግፊት በ80 ስትሄድ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ጣርማበር አለ። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ነፋሱ በአንድ ኩርባ ከግራ፣ በሚቀጥለው ከቀኝ ይመታሃል፤ ሰነፍ ቋጠሮ እዚያ ይፈታል።

እኔ ብሆን የጀልባዋን ጎን ምንም አላለብሰውም። ባዶዋን አጥበህ ጎትታት። በፒክአፑ የኋላ ጎማ ላይ ሰፊ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ አድርግ፤ ጀልባዋ ላይ ጠጠር የሚወረውረው የራስህ ጎማ ነው።

መልስ፦ ድንኳን ሰፊዋ

ጋሼ ባለ ተሳቢው ስለ መላላት የተናገሩት እውነት ነው። ባዶዋን ትሂድ ያሉትን ግን አልቀበልም። ክዳን የሌላት ጀልባ ገበቴ ማለት ናት፤ ዝናብ ካገኛት ውኃ ትሞላለች፣ ክብደቱም ተጎታቹን ያስጨንቃል፣ ውስጧ ያለው ትራስና መቅዘፊያም ይበርራል። መካከለኛው መንገድ ይሻላል፦ ላይዋን ሸፍኖ ከጠርዟ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚወርድ፣ በልኳ የተሰፋ ክዳን። ጎኗ ባዶ ይሆናል፤ የሚርገበገብ ጨርቅ ከሌለ የሚፋቅም የለም።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ከገበያ የገዛችሁት ላስቲክ ዕቃ ለአንድ ቀን ከዝናብ ለማትረፍ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። አይተነፍስም፣ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ነው፣ የገመድ ማስገቢያው ቀለበት ደግሞ ብረት ነው። የከባድ መኪና ሸራም ጠንካራ ነው ብለህ እንዳትታለል። ካሬ ሜትሩ ከ600 ግራም በላይ ስለሚመዝን አይርገበገብም ይባላል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት በፀሐይ ሲሞቅ ወደ ቀለሙ ይሻገራል፣ አዲስ ቀለም ላይም ይጣበቃል። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል፣ ለእጅም ይመቻል፤ ሲረጥብ ግን ይሸበሸባል፣ ሲደርቅ ይላላል፣ ቶሎም ይሻግታል። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው የአክሪሊክ ጨርቅ ካሬ ሜትሩ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ለፀሐይ አይበገርም፣ እንፋሎትም ያስወጣል፤ ፊቱ ግን ሻካራ ስለሆነ ገበር ይፈልጋል። ከተገኘ እርሱን፣ ካልተገኘ ወፍራም የፖሊስተር ጨርቅ ውሰድ።

ገበሩ ለስላሳ ይሁን። ፍላኔል ወይም በደንብ የታጠበ አቡጀዲ ጠርዟን በሚነካው ክፍል ሁሉ ይሰፋበት። የስፌቱ ወፍራም እጥፋት ወደ ውጭ ይዙር። ዘለበትና ብረት ቀለም ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ይራቅ።

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? ከሥር ሁለት ባና አንጥፉ፣ ከላይ ያንኑ ላስቲክ ጣሉበት። የመንዝ ባና ሰውን ከውርጭ ካተረፈ ጀልባን ከጭረት ማትረፍ አያቅተውም።

መልስ፦ ቀለም ቀቢው

ወንድም የመንዝ ልጅ፣ ባናህን ለራስህ ያዘው፤ በዚህ ወር ያስፈልግሃል። ሱፍ አሸዋና ገለባ በፀጉሩ ውስጥ ይይዛል፤ ሲረጥብ ደግሞ ውኃውን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ቀለሙ ላይ ይተኛል። ከላዩ ላስቲክ ካለበትማ ውኃው መውጫ የለውም።

ጠያቂው፣ እኔ የምፈርደው በሸራው ላይ ሳይሆን በአራተኛው ቀን ላይ ነው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነበት ቦታ እንኳ ጥንካሬውን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ማጠንከሪያው ሥራውን ሊያቆም ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃንን ሌሊት ከቁጥር አውጣው። ሦስት ሳምንት ስጠው። ቤት ውስጥ አስገብተህ ካሞቅኸው ሊያጥር ይችላል፤ ከሰል ግን አታንድድበት፤ ጭሱ ለቀለሙ፣ አየሩ ለአንተ መጥፎ ነው።

የማይታይ ቦታ ላይ ጥፍርህን ተጫነው፤ ምልክት ከተወ ገና ነው። ቲነር የነካ ጨርቅ አሽበት፤ ሰማያዊ ከወጣ አሁንም ገና ነው።

ኋላዋ ላይ ውኃ የቋጠረው ደግሞ ሳይበስል በታፈነ ቀለም ላይ እርጥበት ስለ ተኛበት ይመስለኛል። በሌሊት ተነስታችሁ ነበር? በረዶ የመሰለች ጀልባ ከጣርማበር ብርድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነስታ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳለች። ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ገላዋ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ በላስቲክ ከተጠቀለለች ጤዛው የትም አይሄድም፣ ከዚያ እስከ ከሚሴ ያለው ፀሐይ ይቀቅለዋል።

ጠያቂው፦ የጠባሴ ሰው

ቀለም ቀቢው የነበሩ ያህል ነው የተናገሩት፤ የተነሳነው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። እትዬ ድንኳን ሰፊዋ፣ በእርስዎ ምክር አሰፋለሁ። ግን እንዴት ልሰረው? ባለፈው ያቆሰለን ገመዱ ነው።

መልስ፦ ድንኳን ሰፊዋ

ገመድ በቀለም ላይ አያልፍም። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ በየ50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትሩ የጨርቅ ማንጠልጠያ ይሰፋበት፤ ከእያንዳንዱ ሰፊ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ቀጥታ ወደ ተጎታቹ ብረት ይውረድ። የጀልባዋ ሆድ ወደ ውስጥ ስለሚያጎነብስ አብዛኛው ማሰሪያ ሳይነካት ያልፋል፤ የሚነካበት ቦታ ላይ ማሰሪያውን በተጠቀለለ ፍላኔል አልብሰው። ከከመነዳሪ የተቆረጠ የላስቲክ ማሰሪያ አትጠቀም፤ እየሳበና እየላላ መርገብገቡን ይጨምራል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

መካከሏ ላይ ሁለት ሦስት የእንጨት ቅስት አቁምበት፣ ጫፋቸውን በስፖንጅ ጠቅልለው። ክዳኑ እንደ ጎጆ ጣሪያ ቁልቁል ካልሆነ ውኃ ያቁራል፤ ያቆረው ውኃ ጨርቁን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠውም ማግስቱን ይርገበገባል። ከኋላ በኩል ወደ ታች የሚከፈት ትንሽ የአየር መውጫ ይኑረው፣ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ እንዳይነፋው።

መልስ፦ ባለ ተሳቢው

እመቤቲቱ ረታችኝ፤ ጎኑ ባዶ ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሸራ ከማልበስህ በፊት ጀልባዋንም የሸራውን ገበርም እጠብ። አቧራው ከቤትህ አብሮህ ከወጣ የትኛውም ጨርቅ አያድንህም። ከተነሳህ ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመህ ማሰሪያውን ሁሉ በእጅህ ፈትሽ፤ ጨርቅ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ደብረ ሲና ላይ ድገመው። የተጎታቹን ኩሽኔታም በመዳፍህ ንካ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ቀለሙን እርሳውና እርሱን አስብ።

ጠያቂው፦ የጠባሴ ሰው

ትናንት ደረስን። አክሪሊኩን ስላላገኘሁ በፖሊስተር አሰፋሁ፤ ገበሩ አቡጀዲ ነው፣ ሦስት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ። ቀለሙ ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። ወንድሜ በየማለዳው እየደወለ «ጥፍርህን ተጫንህበት?» ይለኝ ነበር። የተነሳነው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳንም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልንገዛ ቆመን ስፈትሽ በቀኝ በኩል ሁለት ማሰሪያ ላልቶ አገኘሁ። አጠበቅሁት። ሐይቅ ላይ ስንገልጣት ሰንበርም አረፋም የለም። ከኋላ በግራው ማዕዘን አውራ ጣት የምታህል የደበዘዘች ቦታ ብቻ አለች፤ እዚያ የዘለበቱ ማቀፊያ ፍላኔል ተንሸራቶ ኖሯል። በማለስለሻ ቅባት ሳሸው ጠፋ።

የቀረችኝ ጥያቄ አንዲት ናት፦ ክዳኑ ከጤዛው ትንሽ ረጥቧል፣ ወንድሜ ደግሞ አጥፎ ጀልባዋ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ይሆናል?

መልስ፦ ድንኳን ሰፊዋ

አይሆንም። ዛሬ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት፣ ገበሩ ወደ ውጭ ይሁን። ነገ እጠፉት።