ፍሪጅ ውስጥ ባለው አትክልት ምን ልሥራ?

ላጤው፦
ሰላም ቤተሰብ! ጾሙ ከገባ ወዲህ ሽሮ ብቻ እየበላሁ ሰልችቶኛል። ቤት ያለው ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ 3 ድንች፣ 2 ካሮት፣ ትንሽ ፎሶሊያና አንድ ቀይ ሥር ነው። ባለፈው አልጫ ልሥራ ብዬ ሁሉንም አንዴ ብከትተው ጎመኑ ሟሙቶ ድንቹ ጥሬ ቀረ፣ አሳቀኝም አናደደኝም። ምን ላድርግ?

የጓዳ ሰው፦
ችግርህ ቅደም ተከተሉ ነው ወንድሜ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላ፣ እንዳይጠቁር ግን። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምር። ከዚያ ካሮትና ድንች ከትንሽ ውሃ ጋር ይግቡ፣ ድንቹ ሊበስል ሲል ጎመኑን ከላይ አድርገህ ክደነው፤ ሌላ ውሃ እንዳትጨምር፣ ጎመኑ ራሱ ውሃ ያወጣል። ከእሳት ሲወጣ ቃሪያ ሰንጥቀህ ጣል አድርግበት።

እትዬ፦
ልጄ፣ ቀይ ሥሩን አልጫው ውስጥ እንዳትከተው፣ ሁሉንም ያቀላዋል! ከአንድ ድንች ጋር ቀቅለህ በሎሚ፣ በዘይትና በቃሪያ ሰላጣ አድርገው። ፎሶሊያውንም ከካሮት ጋር ለብቻው ጥበሰው። እንጀራ ከሌለህ በሩዝም ይበላል፣ ማን ያይሃል።

ሽሮ ወዳድ፦
ሽሮ አይሰለችም 😄 ቲማቲም በዛ አድርገህ ሞክረው እስቲ።

ላጤው፦
እትዬ ተባረኪ! ፎሶሊያው አልቋል፣ አልጫው ለነገ ተርፏል። ቀይ ሥሩ ግን እጄን አቅልቶት ቢሮ መሳቂያ ሆኛለሁ።