በ44 ዓመቴ ጁዶ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ቤተሰቦች። 44 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታክሲ ስለምነዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ወገቤ ደርቋል፤ ደረጃ ስወጣም ጉልበቴን ያመኛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጸባዬ ነው። ትንሽ ነገር ያናድደኛል፤ ቤት ስገባ ለልጆቼ የሚሆን ትዕግሥት አይተርፈኝም። ጂም ሞክሬ ሰለቸኝ። ሰፈራችን የጁዶ ዶጆ (መለማመጃ ቤት) አለ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ አይኪዶና ኬንዶ የሚባሉ ሌሎች የጃፓን ማርሻል አርቶች የሚያስተምሩ አሉ። ልቤ ወደዚያ ሄዷል።

አልረፈደብኝም ወይ? በዚህ ዕድሜ መውደቅ ለስብራት አይዳርግም? የትኛው ይሻለኛል? ሌላም አለ። ሲገቡም ሲወጡም ጎንበስ ይላሉ፤ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ፎቶ ጭምር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ይሄን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ ነጭ ቀበቶ

ወንድሜ፣ እኔም ጁዶ የጀመርኩት ከአርባ በኋላ ነው። አልረፈደብህም።

ስለ መውደቅ የጠየቅኸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደህና አስተማሪ መጀመሪያ የሚያስተምርህ መጣልን ሳይሆን አወዳደቅን ነው። ጃፓኖቹ ኡኬሚ ይሉታል። መጀመሪያ ተኝተህ ትለማመዳለህ። ቀጥሎ ቁጢጥ ብለህ፣ ከዚያ ቆመህ። አገጭህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ፣ ትንፋሽህን ታወጣለህ፣ በክንድህ ምንጣፉን ትመታለህ። አዋቂ ሰው ሲወድቅ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊይዝ ሲል ነው። ይሄ ልማድ እስኪለቅህ ጊዜ ይወስዳል፤ አትቸኩል። ሜሪላንድ ክረምት ላይ በረዶው ሲያንሸራትትህ ራሱ ትጠቀምበታለህ።

ስለ ንዴትህ ደግሞ በደንብ ልንገርህ። ጁዶ ላይ ስትናደድ ክንድህ ይደርቃል። የደረቀ ሰው ደግሞ ለመጣል ቀላል ነው። ማንም ሳይመክርህ ምንጣፉ ራሱ ይነግርሃል። ሁለተኛው ነገር ይበልጣል፦ ሰው ስትጥል እጅጌውን አትለቅም። ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ይዘህ አወዳደቁን ታለዝብለታለህ። እሱም ሲጥልህ እንደዚያው ያደርግልሃል። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ኋላ ላይ ትምህርቱን በሁለት ሐሳቦች ጠቀለለው፦ ጉልበትን በአግባቡ መጠቀም፣ እና ከሌላው ጋር አብሮ ማደግ። እኔን የለወጠኝ ሁለተኛው ነው። ደክሞኝ ሳለ እንኳ የሰው አንገትና ትከሻ በእጄ እንዳለ ማሰብ ለመድኩ። ያ ልማድ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

መልስ፦ የፍራንክፈርቷ

እኔ ኬንዶ፣ ማለትም የጃፓኖቹን የሰይፍ ግጥሚያ ነው የምሠራው። መውደቅ ከፈራህ አስብበት፤ እዚህ መጣጣል የለም። ግን ቁርጭምጭሚትና የተረከዝ ጅማት ይፈተናል፤ በባዶ እግር ነው የምንሠራው። ቦጉ የሚባለው መከላከያ ልብስም ውድ ነው። ደግነቱ ጀማሪ ወዲያው አይገዛም፤ ለወራት በቀርከሃ ሰይፍ ብቻ መሠረቱን ይማራል።

ዕድሜን በተመለከተ ይሄን ስማ። በጃፓን የኬንዶ 8ኛ ዳን (የማዕረግ ደረጃ) ፈተና ላይ ለመቀመጥ ቢያንስ 46 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ከፍተኛው ደረጃ የሚጀምረው አንተ ረፈደብኝ ካልክበት ዕድሜ በኋላ ነው ማለት ነው።

ለንዴትም የራሱ መድኃኒት አለው። መምታት ብቻውን ነጥብ አያሰጥም። ድምፅህ፣ ሰይፍህና እግርህ አንድ ላይ መድረስ አለባቸው፤ ከመታህ በኋላም ንቁ ሆነህ ወደ ተጋጣሚህ መዞር አለብህ። በደስታ የፈነጠዘ ሰው የተሰጠው ነጥብ ሊሰረዝበት ይችላል። እኔ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሆዴን ሞልቼ መጮኽ የተማርኩት እዚያ ነው። አሁን ሥራ ቦታ ሐሳቤን ለመናገር አልሽኮረመምም።

መልስ፦ የሐዋሳ ልጅ

ጋሼ፣ አይኪዶንም አይርሱት። በአብዛኛው ውድድር የለውም፤ ተራ በተራ አንዱ ሲይዝ ሌላው እየጣለው ነው የሚማሩት። እኛም ሐዋሳ ዶጆ አለን። ለእርስዎ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ተንበርክከው የሚሠሩ ልምምዶች ለታመመ ጉልበት ከባድ ናቸው። መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ለአስተማሪውም ቀድመው ይንገሩ። ቆመው እንዲሠሩ ካልፈቀደልዎ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

ስለ መጎንበሱ። ሁለት ተለማማጆች እርስ በርስ ጎንበስ ሲሉ ሰላምታ ነው፤ «አደራህን፣ እንጠባበቅ» እንደማለት። እኛስ ለታላቅ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳ የለ? ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ የመሥራቹ ነው፤ ለመምህር የሚሰጥ አክብሮት ነው። አንዳንድ ዶጆ ግን ሺንቶ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ እምነት የሆነ ትንሽ የእንጨት መቅደስ ግድግዳው ላይ ይኖራል። ያ ካለ ዝም ብለህ አትለፈው። አስተማሪውን ምንነቱን ጠይቅ፣ ለንስሐ አባትህም ንገር። «ለአጋሬ ብቻ ጎንበስ ብዬ፣ ለመቅደሱ ሲጎነበስ ግን ዝም ብዬ ብቆምስ?» ብለህ መጠየቅም ነውር የለውም። ይሄን ስትጠይቀው የሚቆጣ አስተማሪ ከሆነ አንተን አያስተምርህም።

በጾም ወቅት ደግሞ ምሽት ላይ ልምምድ ያለበትን ምረጥ። ሳትፈታና ውኃ ሳትጠጣ ብርቱ ልምምድ ውስጥ አትግባ።

ምላሽ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጁዶውን ላየው ወስኛለሁ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ልብስ ገዝቼ ልሂድ? ማዕተቤንስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነጭ ቀበቶ

ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ቁጭ ብለህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እይ። ትልልቆቹ ጀማሪውን እንዴት እንደሚጥሉት ልብ በል። በእርጋታ ከያዙት ተመዝገብ፤ ካንኮታኮቱት ቀበቶው ምንም ቀለም ይሁን ውጣና ሂድ። ዕድሜህ የሚቀርብ ሰው ካለ አናግረው፤ ስንቴ እንደተጎዳም ጠይቀው።

ስትጀምር የእጅና የእግር ጥፍርህን ቁረጥ። ቀለበት፣ ሰዓትና ማንኛውም ብረት ይወልቃል፤ የብረት መስቀልም እንደዚያው። ክሩ አንገት ላይ ሆኖ ኮሌታ ሲያዝ ሊያንቅህ ስለሚችል ልምምዱ እስኪያልቅ አውልቀህ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ አስቀምጠው። ከአንገቴ አላወልቅም ካልክ ለአስተማሪው ቀድመህ ንገረው፤ አብራችሁ መላ ትፈልጋላችሁ።