በወንጂ መንገድ ዳር ከመሬት ሥር የወጣው ድቡልቡል ጠጠር የወንዝ ሥራ ነውን?

አዳማ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቤት መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ የአፈሩ ንብርብር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥር ድቡልቡል ጠጠር፣ በላዩ ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያም የላመ ቡናማ ሸክላ አለ፤ በሸክላው መካከል ደግሞ ከጣት የሚቀጥን ነጭ መስመር ያልፋል። አዋሽ ዛሬ ከቦታው ርቆ የሚፈስ ሆኖ ሳለ ጠጠሩን ምን አመጣው? እንዲህ በቅደም ተከተል የደረደረውስ ምንድን ነው?

የአፈር ወዳጅ፦
ጠያቂያችን በጥንቃቄ ተመልክተዋል። የሚደረድረው የውሃው ፍጥነት ነው። ጎርፍ ሲበረታ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ድንጋዮቹም እርስ በርስ እየተፋጩ ጠርዛቸው ያልቃል። ጉልበቱ ሲደክም በመጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል፤ የላመው ደለል ግን ውሃው እስኪረጋ ድረስ አይዘቅጥም። በሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ ደግሞ በአንድ ቦይ አይጸናም፤ በመታጠፊያው የውጭውን ዳር እየሸረሸረ በውስጠኛው ዳር አሸዋ ስለሚከምር፣ በረጅም ዘመን ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ጠጠሩ የጥንቱ ቦይ ወለል፣ ሸክላው ቦዩ ከሄደ በኋላ በየክረምቱ የሞላው ጎርፍ ያስቀረው ይመስለኛል።

ስምጥ ሸለቆ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ንብርብሩ ተጠርጎ ሳይጠፋ የቆየበት ምክንያት ሊታለፍ አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቤ ሐይቅ የሚገባው አዋሽ ደጋውን ይሸረሽራል፤ የስምጥ ሸለቆው ወለል ግን በጣም ቀስ እያለ ስለሚሰጥም ደለሉ ማረፊያ ያገኛል፣ አዲሱም አሮጌውን ይቀብረዋል። የቆቃ ሐይቅ በደለል እየተሞላ መምጣቱ ይኸው ሥራ ዛሬም እንዳልቆመ ያሳያል። ነጩን መስመር ግን በወንዝ ብቻ አያሳብቡ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሹል የመስተዋት ስብርባሪ ከሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እንዲህ ያለው አመድ ትልቅ ዋጋ አለው፤ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኗ የታወቀው፣ በደለሉ መካከል ያሉት የአመድ ንብርብሮች በውስጣቸው ከዘመን ጋር እየተጠራቀመ በሚሄደው አርጎን በተባለ ጋዝ አማካኝነት ዕድሜያቸው ተለክቶ ነው።

አዳማ ነዋሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ጥንት ውሃው ወዴት ይፈስ እንደነበርስ ከጠጠሩ መለየት ይቻላልን?

የአፈር ወዳጅ፦
ጠፍጣፋ ድንጋዮች ካሉ ይቻላል። ወራጅ ውሃ አንዱን በሌላው ላይ ያስደግፋቸዋል፤ ቁልቁል ያዘነበለው ፊታቸውም ውሃው ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለከታል። ግድግዳው በሲሚንቶ ከመሸፈኑ በፊት የብዙዎቹን ዝንባሌ በኮምፓስ ለክተው ቢመዘግቡ መልካም ነው።